ሽበት ያልያዛት መስመር

ከብስራተ ገብርኤል በታች ወደ ወንዙ በሚወርደው ሰፈር ቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ ነው የለበሰው። ጣራው ሸክላ የለበሰ ቤት አንድ ብቻ ነው። ትልቅ ቤት ሆኖም አይደለም፤ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። የሚያልፍ ሰው አይቶት ይስቃል። "በባዶ እግሩ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ይመስላል" ይላል። ቤቱ የተሾመች ነው።

ባርኔጣውን ያደረገለት ባሏ ዳኜ ነው። ዳኜ ዕድሜውን ሙሉ በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ባሉት ቪላዎች ላይ ሸክላ ሲደረድር የኖረ ሰው ነበር። አንድ ቤት ባለቀ ቁጥር ጫፉ የተሸረፈውን፣ በደንብ ያልበሰለውን ሸክላ "ውሰደው" ይሉታል። አምስትም ስድስትም እያደረገ በትከሻው ተሸክሞ ይመጣል። ግድግዳውን በባህር ዛፍ ግንድ ደግፎ፣ ጣራውን ከድኖ እስኪጨርስ ስምንት ዓመት ፈጀበት። ተሾመች መጀመሪያ ከታች ታቀብለው ነበር። በኋላ ወገቡን ሲያመው እራሷ ትወጣ ጀመር። ዳኜ ሲያስተምር ቁጡ ነው። "ሰው ከጣራ የሚወድቀው ሲቸኩል ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም" ይላታል። ሠላሳ ዓመት ጣራ ላይ ውሎ አንድ ቀን እንኳን ሳይወድቅ፣ በ66 ዓ.ም. አልጋው ላይ እንደተኛ በንዳድ ሞተ።

የቀራት አምሐ ነው፤ አንድ ልጇ።

በ69 ክረምት አምሐ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አንድ ቀን ተሾመች ከቄራ ገበያ ስትመለስ ጣራ ላይ አገኘችው።

"ምን ትሠራለህ አንተ?"

"የሚያፈስ ቦታ አለ እማዬ።"

የሚያፈስ ቦታ አልነበረም። የዳኜ ጣራ አያፈስም። ነገሩ የገባት ሲመሽ ነው። ያ ድሮ ሲንጫጫ የነበረ ራዲዮ ጥርት ብሎ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ ከሩቅ አገር ሲያወራ ሰማች። ልጁ ጣራው አናት ጫፍ ላይ የመዳብ ሽቦ ዘርግቶ ኖሯል። "ተው ልጄ" አለችው። እሱ ሳቀ። "ዜና እኮ ነው እማዬ፤ ዜና ሰው ይገድላል?"

ጥቅምት ላይ "ሳር ቤት ደርሼ መጣሁ፣ ምሳዬን አስቀምጪልኝ" ብሎ ወጣ። ወጥቶ ቀረ። የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅ ካለም አያወራም። አንዱ ሱዳን ገብቷል ይላል። ሌላው ምንም ሳይል ራሱን ይነቀንቃል፤ ያ ነው የባሰው። ተሾመች ራዲዮውን በጆንያ ጠቅልላ ወንዝ ከተተችው። ሽቦውንስ? ሰው ሁሉ ሰውን በሚያይበት ጊዜ ሴት ጣራ ላይ ብትታይ ምን ሊባል ነው? ተወችው።

ዓመት አለፈ፣ ሌላም ዓመት አለፈ። ጥገና ያጣ ሸክላ ክረምት ከክረምት አረንጓዴ ነገር ያበቅላል። መጀመሪያ እንደ አቧራ ነው፤ ከዚያ እንደ ከፋይ ጨርቅ ወፍሮ ውሃ ይይዛል፣ ሸክላውንም ይበላል። ዳኜ "ሽበት" ነበር የሚለው። የተሾመች ጣራ በአራት ክረምት ሽበት በሽበት ሆነ። አንድ ቦታ ብቻ ሲቀር። መንገድ በሚያየው ገጽ ላይ፣ ከጫፉ እስከ ታች፣ ወርዷ ክንድ የሚያህል መስመር እንደ አዲስ ሸክላ ቀይ ሆና ቀረች። ተሾመች ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነው ያየቻት። እንስራዋን መሬት አስቀምጣ ቆመች። ዳኜ ይላት የነበረው ትዝ አላት። "መዳብ ባለበት ሽበት አይወጣም፤ ዝናቡ መዳቡን እያጠበ ይወርዳል፣ የነካው ቦታ ሁሉ ንጹህ ነው።" ለሀብታሞቹ ቪላ ጫፉ ላይ የመዳብ ጥፍጥፍ የሚያደርገው ለዚህ ነበር።

የአምሐ ሽቦ ናት እንግዲህ። ልጁ ከሄደ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጣራውን እየጠረገላት ኖሯል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጫ ዱካዋን አጥር ሥር አስቀመጠች። ማለዳ ትወጣለች፣ ምስሯን እየለቀመች ቀና ትላለች። ፎቶው እንኳን የላትም፤ አምሐ በቀረ ሰሞን ቤቱ ሲፈተሽ ተወስዷል። መስመሯ አለች። ሰው ሲጠይቃት "ፀሐይ እየሞቅኩ ነው" ትላለች፤ ደመና ሆኖም ቢሆን።

እንዲህ እያለች 76 ደረሰ። ጳጉሜ አንድ ቀን፣ ሐሙስ፣ ጓድ ከበበው መጣ። ከበበው የቀበሌው የጽዳት ዘመቻ ኃላፊ ነው። ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ የአምሐን የትምህርት ቤት ሱሪ የሰፋው እሱ ነው። አሁንም ሰው ሲያይ በዓይኑ ወገብ የሚለካ ይመስላል።

"እንደምን አደሩ እትዬ ተሾመች።"

"እግዜር ይመስገን ጓድ ከበበው። ይግቡ።"

"አልገባም፤ ጣራዎን ለማየት ነው የመጣሁት። አሥረኛው የአብዮት በዓል ደረሰ፤ በዚህ መንገድ ስንት እንግዳ ያልፋል። አጥሩ ሁሉ ኖራ ተቀብቷል። የእርስዎ ጣራ ሳር አብቅሏል።"

"ሳር እንኳን አይደለም፤ ሽበት ነው።"

"ሽበትም ሆነ ሪዝ ይላጭ።" ፈገግ አለ፤ ወዲያው ፈገግታውን አጠፋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሌላም ነገር አለ። ያቺ ቀይዋ መስመር። ሌላው አረንጓዴ ሆኖ እሷ ብቻ ለምን ቀላች? ምልክት ናት የሚሉ ሰዎች አሉ።"

"የምን ምልክት? ለማን?"

"እሱን ነው እኛም የምንጠይቀው።"

ተሾመች ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። "የዝናብ መንገድ ናት" አለች።

"ይሁና። እሁድ ወጣቶቹ ይመጣሉ፣ አካፋም የሽቦ ብሩሽም ይዘው። ይፍቃሉ፣ የጫፉንም ሸክላ እያነሱ ያያሉ።"

ሽቦው እንደሚገኝ ገባት። ሽቦው ከተገኘ ጥያቄ አለ፤ ጥያቄ ካለ ደግሞ "ልጅሽ የት ነው?" አለ። እንደምንም ድምጿን አጠነከረች።

"ወጣቶቹ ሸክላ መርገጥ አያውቁም ጓድ ከበበው። ከሥራቸው ይሰበራል፣ እነሱም ይሰበራሉ። ለበዓል እንግዳ የተሰበረ እግር ሊያሳዩ ነው? የሽቦ ብሩሽ ደግሞ የሸክላውን ቆዳ ይገፈዋል፤ በሚቀጥለው ክረምት እጥፍ ያበቅላል። እኔው አፀዳዋለሁ።"

"እርስዎ?"

"የዳኜ ሚስት አይደለሁ?"

ከበበው ከእግሯ እስከ ራሷ ለካት። "እሁድ ጠዋት ቀይ ሆኖ ካላየሁት ወጣቶቹ ይወጣሉ" አለና ሄደ።

ጎረቤቷ ዚነት ከሰል ሻጭ ናት። አንድ ጆንያ ከሰል በአንድ ትከሻዋ አንስታ፣ በሌላ እጇ ሰላም የምትል ጉልበተኛ። ተሾመች የሆነውን ነገረቻት፤ የሽቦውን ነገር ግን አልነገረቻትም። ዚነትም አልጠየቀችም። ሦስት ዓመት ሙሉ አጠገቧ ቁጭ ብላ ወደ ጣራው ስታይ እያየቻት፣ አንድ ቀን "ምን ታያለሽ?" ብላት አታውቅም።

"ገመድ የሚይዝልኝ እፈልጋለሁ።"

"በአላህ እትዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ? ብትወድቂ እኮ ገመዱን እለቀዋለሁ፤ እኔንም ጎትተሽኝ አትሄጂም።"

"አትለቂም።"

"ኧረ አልለቅም። የስድስት ኪሎ ከሰል ዕዳ እያለብሽ የት ትሄጃለሽ!"

ዓርብን በዝግጅት ዋሉ። ዳኜ ጫፉ ላይ መንጠቆ ያለው አጭር መሰላል ትቶ ነበር፤ ጣራው ላይ ተኝቶ ጫፉን ይነክሳል፣ የሰውን ክብደት ለብዙ ሸክላ ያካፍላል። ተሾመች ሸክላውን እንዳይጎዳ ሆዱን በጆንያ ጠቀለለችው። ረጅሙን መሰላል ከአናጺው ቤት ተውሳ እግሩን መሬት ውስጥ ቀበረች፣ አናቱን ከግድግዳው ምሰሶ ጋር አሰረች። ከአሸንዳው ወደ በርሜሉ የሚወርደውን ቧንቧ ነቀለች፤ በርሜሉ የመጠጥ ውሃ ነው፣ ላይ የሚፈሰው ደግሞ በረኪና። ከግድግዳው ሥር የተከለችውን ጎመን ውሃ አጠጥታ በላስቲክ ሸፈነችው።

"ለጎመኑ እንዲህ ካሰብሽ ለራስሽስ?" አለች ዚነት።

"ለራሴ አንቺ አለሽ።"

ቅዳሜ ሩፋኤል ነው። የሩፋኤል ዕለት የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው ተብሎ ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ይመታዋል። ተሾመች ግን ለዚያ ቀን ዝናቡን ፈራችው። ሽበት ደርቆ ይፋቃል፤ ከራሰ ግን ሳሙና ነው። ጤዛው እስኪነሳ ጠብቃ፣ ቀሚሷን በዳኜ አሮጌ ሱሪ ውስጥ ከታ፣ እግሯን በጆንያ ቁራጭ ጠቅልላ ወጣች። ገመዱ ከወገቧ ተነስቶ፣ በጣራው ጫፍ አልፎ፣ ከጓሮ ካለው ጽድ ላይ ሁለቴ ይዞራል። ጫፉን የያዘችው ዚነት ናት። ከጣራው ጀርባ ስለቆመች ተሾመችን አታያትም፤ ትሰማታለች እንጂ።

"ላላ!" ስትል ታላላለች። "ያዝ!" ስትል ትይዛለች።

"የበሬ ጥማድ አደረግሽኝ እኮ እትዬ!" ትላለች ከጓሮ።

"በሬ አያወራም!"

ተሾመች ከጫፉ ጀመረች። ከላይ ወደ ታች ነው የሚሠራው፤ ወደ ላይ ከፋቁት ቆሻሻውም ውሃውም በሸክላዎቹ መሀል ይገባል። ሽበቱን በእንጨት ማንኪያ ጫፍ ቀስ አድርጋ እያነሳች፣ በመጥረጊያ ታወርዳለች። ከዚያ ውሃ የበዛበት በረኪና በጨርቅ ታስነካለች። ከሥሯ ቀዩ ሸክላ ሲገለጥ ዳኜን ያየች ያህል ሆነባት። የተሸረፉትን ታውቃቸዋለች፤ ይኼኛው ከየትኛው ቪላ እንደመጣ፣ ያኛው ሲመጣ አምሐ በሆዷ እንደነበር።

መስመሯ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ።

ሽቦው አለ። ቀይ የነበረው ጠቁሯል። ከጫፉ ሸክላ ሥር ወጥቶ አራት ሸክላ ያህል ወደ ጎን ይሄዳል። ጫፉ ምስማር ላይ ታስሯል፣ ምስማሩ ሥር ደግሞ ጨርቅ ተጠምጥሟል። ጎንበስ ብላ አየችው። የነጠላ ጥለት ነው። ቀለሙ ጠፍቷል፤ አሠራሩን ግን አወቀችው። የራሷ ነው። ያን ዓመት ለፋሲካ ያሠራችው ነጠላ ጥለቱ ተቀዶ ስታገኘው ሰፈሩን በጩኸት አናግታው ነበር። አምሐ "አይጥ ነው እማዬ" አላት። እሱ ብቻም አይደል፤ የአይጥ ወጥመድ ገዝቶ መጣ! በየማታው ሽንኩርት እየሰካ አጠመደ። "ሽንኩርት የሚበላ አይጥ የት አለ?" ስትለው "የኛ አይጥ ጥለት የሚበላ ነው፣ ሽንኩርት ያንሰዋል?" አላት።

"አንተ ሌባ" አለች ተሾመች ጣራው ላይ ሆና። ሳቋ መጣ፤ ሳቁ ግን መሀል መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሆነ።

"ምን አልሽ እትዬ?"

"ምንም! ያዝ!"

ልትነቅለው ነው የመጣችው። ነቅላ ጡቷ ሥር ሸጉጣ ልትወርድ ነበር ሐሳቧ። ጥለቱን ፈታች፣ ሽቦውን ከምስማሩ አላቀቀች፣ ሳብ አድርጋ ግማሹን ከሸክላው ሥር አወጣች። በእንጦጦ በኩል ነጎድጓድ ተንጎራጎረ።

"እትዬ ተሾመች! ላይ ምን ተገኘ?"

ከበበው ነው። ከታች፣ ከመንገድ በኩል። ለበዓሉ የገዛውን አዲስ ጥቁር ጫማ አድርጎ፣ ረጅሙን መሰላል ይዞ ቆሟል።

"ሽበት!" አለች። ሽቦውን ለቀቀችው። ሽቦው ጣራው ላይ እንደተጋደመ ቀረ፤ ከአረንጓዴው ላይ ጥቁር፣ ልክ እንደ እባብ።

"እስቲ እኔም ልየው።"

"እንዳትወጣ! ጫማህ—" አፏ 'እርስዎ'ን ረሳው። ከበበው ግን ወጥቷል። አናቱ አሸንዳው ላይ ብቅ አለ፣ ደረቱ ብቅ አለ፣ አንድ እግሩን አንስቶ ያልተፋቀው ሽበት ላይ አሳረፈ። ልሙጡ የጫማ ሶል ሽበቱ ላይ ተንሸራተተ። ሰውዬው በሆዱ ተዘረጋ፤ አንዱ እግሩ አሸንዳ ውስጥ፣ ሌላው አየር ላይ።

"እናቴን! እናቴን!" አለ ጓድ ከበበው።

"ማነው እሱ?" አለች ዚነት ከጓሮ። "ማነው እናቱን የሚጠራው?"

"ዝም በይና ያዢ!" ተሾመች በተኛው መሰላል ላይ አንድ አንድ እያለች ወረደች። "አንተ ልጅ፣ ስማኝ። አትነሳ። በሆድህ ተኛ። ጫማህን በእግርህ እያሻሸህ አውልቀው።"

"እወድቃለሁ!"

"ካልቸኮልክ አትወድቅም። አውልቅ!"

አንዱ ጫማ ወደቀ፤ የጎመኑ ላስቲክ ላይ ዷ አለ። ሁለተኛው ተከተለው። ከበበው ጉንጩን ሸክላ ላይ ለጥፎ ያለቅሳል። ሽቦው ከአፍንጫው ሁለት ክንድ አይርቅም፤ ቀና ቢል ያየዋል።

ዳኜ እንዲህ ያለ ጊዜ የሚለው አንድ ነገር ነበር። "ዓይንህን አትጨፍን፣ እጅህን እያየህ ውረድ።" ተሾመች በትዳር ዘመኗ ሁሉ የባሏን ቃል ጣራ ላይ ጥሳ አታውቅም።

"ዓይንህን ጨፍን" አለች።

"እ?"

"ጨፍን! ያዞርሃል። እኔ እመራሃለሁ።"

ጨፈነ። ጥብቅ አድርጎ፣ እንደ ሕጻን። ተሾመች ለሁለቱም ማየት ነበረባት። እጁን ይዛ የመሰላሉን እንጨት አስጨበጠችው። "ግራ እግርህን ዝቅ። ገና። ገና። አሁን እንጨት ነካህ? እሺ፣ ቀኙን።" እንደዚህ እያለች ረጅሙ መሰላል ላይ አወረደችው። ላብ ከአገጯ ይንጠባጠባል። አንድ ጊዜ እጁ ሲያመልጠው የራሷም ልብ አብሮ አመለጠ፤ ዚነት ግን ገመዱን እንደ ብረት ይዛዋለች።

ከበበው መሬት ሲረግጥ ዓይኑን ገለጠ። በካልሲ ነው የቆመው። ዚነት ገመዱን ጽዱ ላይ አስራ መጥታ ጫማዎቹን አንስታ አራገፈቻቸው።

"የእናትህ ልጅ አንተ ነህ እንዴ?" አለችው።

ከበበው ጫማውን ሲያደርግ ጣቶቹ ክሩን ማሰር አቃታቸው። ክር ስንት ዓመት ያሰረ ልብስ ሰፊ። ሲጨርስ ቀና ብሎ አሸንዳው ጋ ያለችውን ተሾመችን አያት። "እትዬ" አለ፣ "ይኼ ነገር... የጮህኩት..."

"የጮኸ ሰው የለም። ይሂዱ ጓድ ከበበው፣ ዝናብ ሳይመታዎ።"

"ንጹህ ነው ብዬ አስመዘግባለሁ። ወጣቶቹም አያስፈልጉም።" ጥቂት ሄዶ ቆመ። "ሱሪውን እኔ ነበርኩ የሰፋሁለት፤ ለአምሐ" አለ፣ ሳይዞር። ከዚያ ሄደ።

ተሾመች ተመልሳ ወደ ጫፉ ወጣች። ጣራው ላይ ማንም የለም፣ ሽቦው አለ። አሁን መንቀል ነው፤ የሚከለክል የለም፣ የሚያይ የለም። አነሳችው። ቀላል ነው፤ ሰባት ዓመት ይህን የሚያህል ነገር ነው ሲጠርግላት የኖረው። ብትወስደው መሶቧ ሥር ትደብቀዋለች፣ አንድ ቀን ፍተሻ ሲመጣ ወንዝ ትከተዋለች፤ እንደ ራዲዮው። ከዚያ ምን ይቀራታል?

ሽቦውን ወደ ቦታው መለሰችው። አሁን ግን አርዝማ አልዘረጋችውም። ከጫፉ ሸክላ ከንፈር ሥር አጋድማ፣ ከታች የማይታይ፣ ዝናብ ግን የሚያገኘው ቦታ አስተኛችው። ምስማሩ ላይ በጥለቱ አሰረችው፤ ልጁ ባሰረው ዓይነት፣ ሦስት ዙር። ከዚያ የቀረውን ሽበት አፀዳች። በግራም በቀኝም ያለው አረንጓዴ እየለቀቀ ሲሄድ መስመሯ ጠበበች፣ ጠበበች፣ መጨረሻ ላይ ሌላው ሁሉ እንደሷ ቀይ ሆነና የት እንደነበረች ጠፋ።

ከመሰላሉ ስትወርድ ዝናቡ ጀመረ። የሰፈሩ ሰው ልጅ አዋቂ ሳይል ደጅ ወጣ፣ "ሩፋኤል! ሩፋኤል!" እያለ። ዚነት ሳትቀር እጇን ዘረጋች። ተሾመች የተነቀለው ቧንቧ አጠገብ ቆማ "ቆይ፣ መጀመሪያ በረኪናው ይውጣ" አለች። ውሃው መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ወረደ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ጠራ። ሲጠራ በሽቦው በኩል በምትወርደው ውሃ ሥር ገባችና ፊቷን አቀናች። የምታለቅስ ከሆነም ማንም አላወቀም።

በዓሉ መጣ፣ እንግዳው አለፈ። "ጣራሽ እንዴት አማረ!" ያላላት የለም። ተሾመች እንደ ልማዷ ማለዳ ዱካዋ ላይ ትቀመጣለች፣ ቀና ትላለች፤ ዓይኗ የሚያርፍበት ያጣል። ሁሉም ቀይ ነው። ቤቱ ሁለተኛ ልጅ የሄደበት መሰለ። በ77 ክረምት ምንም አልታየም። ሽቦው ውሃ አጥቶ ይሆን? ተንሸራቶ ይሆን? ትወጣ ዘንድ ስንቴ ልቧ ተነሳ፤ ምክንያት የላትም። በቤቷ ለምሳ ሁልጊዜ አንድ ሰው የሚበላው ይተርፋል፤ እሱን እየሸፈነች፣ ሰማዩን ደግሞ እየጠበቀች ሌላ ዓመት ከረመች።

በ78 ነሐሴ መጨረሻ ዚነት ከሰሏን አራግፋ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ ላይ አየች።

"እትዬ፣ ጣራሽ እንደገና ሽበት ጀመረው። ጓድ ከበበው ሳያየው አይሻልም? ገመዴን ላምጣ?"

ተሾመች ከቤት ወጣች። እውነቷን ነው። ሸክላው ላይ አረንጓዴ አቧራ ነገር ተነስንሷል፤ ገና ስስ። ከጫፉ ወደ ታች ደግሞ ቀጭን፣ ጣት የምታህል፣ ምንም ያልነካት መስመር። ዚነትም አየቻት። ከሰል የነካ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ዱካውን ከበር ሥር አንስታ አጥሩ አጠገብ አስቀመጠችላት።

"ተዪው" አለች ተሾመች፣ እየተቀመጠች። "ትንሽ ይቆይ።"